የጋሽ ሽመክት የደም ግፊት

ጥናቱ የሚቀበለው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ነበር። ጨዋታ የደም ግፊት ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ ሲስተር ምንትዋብ ማክሰኞ ማክሰኞ ጋሽ ሽመክት ቤት ትመጣለች። ሲጫወቱ ያረፍዱና ግፊታቸውን ትለካለች። ጋሽ ሽመክት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጊቤ በረሃ ላይ ዝንጀሮ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ጥሩንባ ሲነፋባቸው እንዳደረ ሲያወሩላት በሳቅ ትፈርሳለች። ግፊታቸው በየወሩ እየወረደ መጣ።

ጥናቱ ያበቃ ዕለት ሲስተር መለኪያውን ከክንዳቸው እየፈታች፣ «አባባ፣ የጎረምሳ ግፊት ሆኗል እኮ! እስከ ዛሬ ያለ ጨዋታ እንዴት ኖሩ?» አለቻቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አሉ ጋሽ ሽመክት ተክዘው። «ከግድግዳ ጋር አይወራ!»

ይሄኔ የመኝታ ቤቱ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ሸምገል ያሉ ሴት ወጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሲስተር ደነገጠች። «ማን ናቸው?»

ጋሽ ሽመክት መሬት መሬት እያዩ፣ «ባለቤቴ ናት» አሉ።

«ጥናቱ እንዳያመልጠው ብዬ ስትመጪ እደበቅለታለሁ፣» አሉ ሴትዮዋ ክንዳቸውን እየዘረጉ። «አንቺ ስትሄጂ ቃል አይተነፍስም። ብቻዬን የምኖረውስ እኔ ነኝ፤ መዝግቢኝ ልጄ።»