የደጋ ነፋስ

ወንዳፈረው ወባ የጣላትን ሚስቱን ሺታዬን በጋቢ ጠቅልሎ በሩን ዘግቶ ነበር፤ ባደገበት ደጋ በሽተኛን ነፋስ አያስነኩም። ጎረቤታቸው አጓ በሩን በርግዳ ገባች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ወሎ አይደለም! እንደ ድንች ልትቀቅላት ነው?"

ጋቢውን ገፍፋ የሺታዬን ነጠላ ከባሮ ወንዝ በተቀዳ ውሃ ነከረችና አለበሰቻት።

አምና ድርቁን ሸሽተው አብረዋቸው ወደዚህ ቆላ የመጡት ሰፋሪዎች ወደ ወሎ ሲመለሱ፣ ሺታዬ "ሙቀቱ ሳይገድለኝ እንሂድ" ብላ ለምናው ነበር። እሱ ግን የሙቀቱን ክፋት ድርቅ ከማያውቀው አፈር ጋር ሲመዝን ከርሞ፣ በመጨረሻ የዘራውን በቆሎ መረጠ። ተመላሾቹን የጫነው መኪና ጥሏቸው ሄደ።

እርጥቡ ነጠላ ሲያርፍባት ሺታዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች።

"ነፋሱ... ወሎ ደረስን አይደል?"

አጓ ዞራ አየችው። ወንዳፈረው የሚስቱን እጅ ያዘ።

"አዎ፣ ደረስን።"

"እግዜር ይስጥህ" አለችው ሺታዬ፤ "ሰማኸኝ።"