ማንጎ ማንጎ የሚሸት ፍላሽ

«ሲስተር፣ ይሄ አልገባም አለኝ» አለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ የሰጠችውን ጥቁር ነገር ከኮምፒውተሩ ጎን እያገላበጠ።

«ደህና አድርገህ ሰካው እንጂ! የልጄ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካላስገባች አይቀበሏትም።»

ነርሷ የምትሠራው የወረርሽኙ ሕሙማን በተኙበት ክፍል ነው። ከአንድ ልጇ ጋር አራት ወር ሙሉ ያወሩት በር ተዘግቶ፣ አንዷ ከውስጥ አንዷ ከውጭ ሆነው ነው። ዛሬ ጠዋትም ልጅቷ ከውስጥ ሆና «ፍላሹ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አለልሽ፣ እማ» ስትላት፣ ያገኘችውን አፈፍ አድርጋ መጣች።

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ፍላሽ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው።»

ከኋላ ተራ ከሚጠብቁት ተማሪዎች አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«የምን ሲጋራ? የልጄ ነው እያልኩህ!»

«እኔስ የማን ነው አልኩ? ግቢው ከተዘጋ ወዲህ ተማሪው ሁሉ ይዞት ነው የሚዞረው፤ እዚሁ እኔ ጋ ቻርጅ ያደርጉታል። ደግሞ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው፤ አይጎዳም ይላሉ።»

«እንፋሎት ካማራቸው የድስት ክዳን አይከፍቱም?»

ነጥቃው አሸተተችው። ሽታው ማስኳን አልፎ ገባ። ማንጎ።

ይሄን ሽታ ታውቀዋለች። በልጅቷ በር ስር እየሾለከ ሲመጣ «ተመስገን፣ ልጄ ፍራፍሬ እየበላችልኝ ነው» ትል ነበር። አልበቃት ይሆናል ብላም ሁለት ጊዜ ማንጎ ገዝታ ደጃፏ ላይ አስቀምጣላታለች። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ጉዳይ ያልሰማችው እሷ ብቻ ኖራለች።

ደሟ ፈላ። ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ አጠገብ ቆማ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክህ አንዴ ተንፍስልኝ» እያለች ስትለምን ትውላለች። የገዛ ትንፋሿ ልጇን እንዳይነካት ብላ፣ በልደቷ ቀን እንኳ አላቀፈቻትም። ያቺ ደግሞ ከዚያው በር ጀርባ ተቀምጣ መርዝ በማንጎ ታጣጥማለች!

ስልኳ ጠራ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ስልክ ፊቷን አታስነካም፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እማ! የቱን ነው የወሰድሽው? ፍላሹ እኮ ነጩ ነው! ጥቁሩ... ጥቁሩ የጓደኛዬ ነው።»

ተማሪዎቹ አሁን በይፋ ሳቁ። ውሸቱ ከሲጋራው ባሰባት።

«አየር ሳቢ» አለች፣ የሕሙማኗን ሳንባ ስትፈትን በምታወጣው ድምፅ።

«ምን?»

«በረጅሙ ሳቢና ያዢው። እስከ አስር እቆጥራለሁ።»

«እማ ደግሞ፣ ሰዓቱ እየሄደብኝ...»

«ሳቢ አልኩሽ!»

ልጅቷ ስትስብ ቤቱ ውስጥ ላለ ሁሉ ተሰማ።

«አንድ» አለች እናት። «ሁለት። ሦስት።»

አራት ሳትል ሳሉ ፈነዳ፤ ደረቅ፣ ማባሪያ የሌለው ሳል። ተራ ጠባቂዎቹ፣ ሲስቁ የነበሩትም ጭምር፣ ከስልኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

እናት ግን ስልኩን በሁለት እጇ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።