ዋ! የሚል ጊታር

በቀበና ዳገት ላይ ያለው የቀበሌ አዳራሽ ጣሪያው ላይ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተተክሎለታል። የተተከለው ነዋሪውን ለስብሰባ ለመጥራት ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ አካሉ ግን ነዋሪው ስብሰባ ብቻ ሲሰማ ይሰለቻል ብለው፣ የኪነት ቡድኑ የከሰዓት ልምምድም በዚያው እንዲተላለፍ ፈቀዱ። ጊታሩ በቀጥታ ማጉያው ላይ ይሰካል። ማይክሮፎኑን ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን ለማንም አይታመንም።

የቡድኑ ጊታሪስት ኤጀታ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከጊታሩ አብልጦ የሚወደው ዋዋ ፔዳሉን ነው። ሰዓት እላፊ የሚሠራበትን የምሽት ክበብ ያዘጋበት አንድ ሙዚቀኛ በኤጀታ አሮጌ ካፖርት የለወጠለት የብረት መርገጫ ነው። እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ በእግር ይጫኑታል። ኤጀታ ክሩን መትቶ ፔዳሉን ሲረግጠው ጊታሩ አፍ ያወጣና «ዋ!» ይላል። እናት የሚረብሽ ልጇን ስታስጠነቅቅ እንደምትለው ያለ፣ ጥርት ያለ «ዋ!»

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደው። አንዳንዷ እናትማ «ሰማህ? ጊታሩም ዋ ብሎሃል!» እያለች ልጅ ማሳደጊያ አደረገችው።

ከአዳራሹ በላይ እንጦጦ ነው። የኤጀታ እናት ወይዘሮ ዲንቄ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በጠዋት ወጥተው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይለቅማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሸክማቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ። ክልክል ነው። ዓምና የደን ዘበኛው ጋሽ ዘነበ ይዘዋቸው ሦስት ቀን ታስረዋል። ሁለተኛ ከተያዙ ጉዳዩ ፍርድ ሸንጎ ይቀርባል። ኪነት ጭብጨባ እንጂ ደመወዝ የለውም፤ ቤቱ የቆመው በዲንቄ ጀርባ ነው።

ጋሽ ዘነበ ወደ ጫካ ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ አዳራሹ በር ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ ይላሉ። የጫማቸውን ክር ፈትተው እንደገና ያስራሉ። የተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብሎ የመከራቸው ሰው ያለ አይመስልም።

«ዛሬ በላይኛው መንገድ ነው የምወጣው! አንዷንም አልምርም!» ይላሉ ጮክ ብለው።

ኤጀታ በልቡ ይስቃል። ከእናቱ ጋር ተነጋግሯል፤ አንድ ዋ ከሆነ ዘበኛው በላይኛው መንገድ ናቸው፣ ሁለት ዋ ከሆነ በታችኛው። ጋሽ ዘነበ ጀርባቸውን ሲያዞሩ እግሩን ጫን ያደርጋል። «ዋ!» ሴቶቹም በሌላው መንገድ እየተሳሳቁ ይወርዳሉ። አራት ወር ሙሉ ማንም አልተያዘም።

አንድ ቀን ጋሽ ዘነበ ፔዳሉን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ብረት ማንን ነው ዋ የሚለው?»

ኤጀታ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ መለሰ። «ኢምፔሪያሊዝምን ነው፣ ጋሼ።»

«አሃ። ታዲያ ኢምፔሪያሊዝም ትዝ የሚልህ እኔ ስነሳ ስነሳ ነው?»

ጋሽ ዘነበ ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

«እማዬ፣ ነቅተውብናል» አለ ቤት ሲገባ። «ጥቂት ቀን ብትቀሪስ?»

«ቀርቼ ምን ልንበላ ነው? ጭብጨባ?» አሉ ዲንቄ። «አንተ ብቻ ርገጥልኝ።»

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ዘነበ እንደ ልማዳቸው መጡና «ዛሬ በታችኛው ነው የምወጣው!» አሉ። ኤጀታ ፔዳሉን ረገጠ። ድምፅ የለም። ደግሞ ረገጠ። የፔዳሉ ባትሪ ሞቷል፤ እንደዚያ ያለ ባትሪ ደግሞ ከተማው ውስጥ ከጠፋ ሰንብቷል። ፔዳሉን ነቅሎ ጊታሩን ብቻውን ቢሞክረው ጭን፣ ጭን አለ እንጂ ዋ የሚል ነገር አልወጣውም።

«ምነው ዛሬ?» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«ባትሪ አለቀብኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዘነበ የጫማቸውን ክር ሁለተኛ ፈቱ፣ ሁለተኛ አሰሩ። «በታችኛው ነው የምወጣው» አሉ ደግመው። ኤጀታ የሚያፌዙበት መሰለው። ከዚያ ተነስተው ዳገቱን ተያያዙት።

ኤጀታ ተከትሏቸው ሊሮጥ በሩ ጋ ሲደርስ ጓድ አካሉ ክንዱን ያዙት።

«ወዴት? የሠራተኞች ቀን ደርሶ፣ ልምምድ ጥሎ መሄድ አለ?»

ተመለሰ። ሦስት የትግል መዝሙር አበላሸ። በዓይኑ የሚታየው እናቱ ሸንጎ ፊት ቆመው ነው። አልቅሶ የማያውቀው ልጅ እንባው መጣ።

ልምምዱ ሲያልቅ ቤቱ በሩጫ ደረሰ። ዲንቄ ሸክማቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ።

«እማዬ! ማን ነገራችሁ?»

«ማን ይነግረናል? አንተ ነሃ! ዋ! ዋ! እያልክ ጫካውን አናወጥከው፤ እኛም በላይኛው ወረድን። ብቻ ያ ጊታርህ ዛሬ ምን ነካው? ጉንፋን የያዘው ይመስል ሻክሮ ሻክሮ!»

ኤጀታ የሞተውን ባትሪ ከኪሱ አውጥቶ አየው።

በማግስቱ ጋሽ ዘነበ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከራዲዮናቸው የነቀሉትን ባትሪ ከኪሳቸው አውጥተው ለኤጀታ ዘረጉለት፤ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅም «እንካ፣ ቶሎ ክተታት» አሉት። «የኔ ጉሮሮ ለሁለተኛ ቀን አይበቃም።»