የማጥቢያ ሰዓት

ዱቄትና ዘይት የሚታደለው በሰዓቱ ለምታጠባ እናት ብቻ ነው። ሰዓቱን እንዳትረሳ፣ የገዛ ልጇን ለቅሶ ቀድቶ በየሰዓቱ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል።

የአስካለች ልጅ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ መሣሪያው ግን አንድም ቀን ከሥራው አልቀረም። የጤና ሠራተኛዋ ወይንሸት ልትረከበው መጣች።

«እንዲህ እያለቀሰብሽ ጡትሽ እንዴት ይደርቃል፣ እህቴ?»

«ዱቄቱን አቁሙት። እሱን ተዉልኝ።»

«ድምፁ ተሰርዞ ለሌላ እናት ይሰጣል። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን ያወጣው ሰው አጥብቶ ያውቃል?»

«እኔም አጥብቼ አላውቅም» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ።

አስካለች ገመዱን ከአንገቷ አወለቀች። ልትሰጣት እጇን ስትዘረጋ መሣሪያው አለቀሰ። የቀሚሷ ደረት ረጠበ።

«ሰዓቱ ደርሷል» አለች እጇን መልሳ። «አጥብቼው ልስጥሽ።»

ወይንሸት ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።