ውስጡ ያሉትም

ሚስቴ ጥላኝ እህቷ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን፣ የቤተሰባችን ድረ ገጽ ካለበት ሰርቨር ላይ የእሷን ፎልደር እንዳትከፍት ፈቃዷን አነሳሁባት። ኮምፒውተሩ «ውስጡ ያሉት ፎልደሮችም ይዘጉ?» ቢለኝ፣ ሳላይ «አዎ» አልኩት።

ወዲያው ደወለች። «ኧረ በፈጠረህ! የልጃችን ፎልደር ከነፎቶዋ እዚያ ውስጥ ነው፤ ክፈትልኝ።»

«እንኳን ልከፍትልሽ!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጄ ጠዋት የረሳችውን የውሃ ኮዳ ይዤ ልወስዳት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጠዋት እጇን ይዛ ያስገባቻት መምህርት የልጄን ስም ብነግራት መዝገቡን ሁለት ጊዜ አገላበጠች።

«ይቅርታ፣ የማን አባት ነዎት?»

ሚስቴ ጋ ደወልኩ። «ልጅቷን ወስደሻት ነው?»

እንደ ድሮው በለሰለሰ ድምፅ፣ ምንም እንዳልተጣላን ሁሉ፣ «የቷን ልጅ፣ ሆዴ?» አለችኝ።