«ድረሱልኝ!» ያለው ወንድ ልጅ

«ድረሱልኝ!»

ልጁ መድረክ ላይ ተንበርክኮ ጮኸ...

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ቴአትሩ ያው የምናውቀው የድሮ ተረት ነው። ጭራቅ ቆንጆዋን ያግታታል፣ ጀግናው ጎራዴውን መዞ ያስጥላታል።

የድራማ መምህርቷ ግን ገለበጠችው... ታጋቹ ወንድ፣ ጀግናዋ ሴት!

ጀግናዋ ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ፣ «ድንቢጥ» የሚሏት ልጅ።

የልጁ አባት ከፊት ወንበር ብድግ አለ። ብረት በያጅ ነው፤ ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያክላል።

«ወንድ ልጅ ድረሱልኝ አይልም!»

ዘሎ መድረኩ ላይ ወጣ...

ልጁን በጥፊ አጮለው። ሲወድቅ ጎኑን በእርግጫ ደገመው... ደሙ ከአፍንጫው ተንዠቀዠቀ።

ተመልካቹ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

አጨበጨበ!

አዎ እናንተዬ፣ ጭራቁ መጣ ብሎ አጨበጨበ! «ትወና ማለት ይሄ ነው!» ያለም ነበር። አይ ሰው!

መምህርቷ «ኧረ የእውነት ነው!» እያለች ልትገላግል ስትሮጥ በክርኑ ደረቷን መታት። ከነመጋረጃው ወደቀች። ጭብጨባው ባሰ...

«ልጄን ሴት አደረግሽው!» እያለ የልጁን አንገት አነቀ። የልጁ ዓይን ተገለበጠ...

ያኔ ድንቢጥ የእንጨት ጎራዴዋን በሁለት እጇ አንስታ የአባትየውን ጉልበት አለችው!

ቋ!

ጎራዴው ለሁለት ተሰበረ። ሰውዬው እያቃሰተ ተዘረረ።

«ልቀቀው!» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። አንቱታው ጠፍቶባታል።

ይሄኔ ነው ሰዉ የባነነው። ጥበቃዎች ሮጠው አባትየውን ያዙት።

በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ መምህርቷ ላይ ጮኸባት።

«ምን ነካሽ? የሴት ቦታ ለወንድ ሰጥተሽ ልጁን ልታስገድይው?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ አፍንጫውን በጨርቅ እንደያዘ ቀና አለ...

«ቲቸር አይደለችም። እኔ ነኝ ቦታውን ለምኜ የወሰድኩት።»

«ለምን?»

«ድረሱልኝ የሚል ቃል ስላለው... ቤት ስለው ዱላ ይጨመርብኛል። እዚህ ስንለማመድ ግን፣ ባልኩ ቁጥር ሰው ይመጣል።»

...

ርዕሰ መምህሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ «ድረስ» ለወንድ ነው፣ «ድረሺ» ለሴት። «ድረሱ» ግን ለሁላችንም ነው። ያ ልጅ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጠርቶ የመጡለት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። የድረሱልኝ ጩኸት ወንድና ሴት የለውም፤ የሰማ ሁሉ መነሳት አለበት።

እናንተስ... ከጎረቤት የልጅ ጩኸት ሰምታችሁ «አባቱ እየቀጣው ነው» ብላችሁ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋችሁ አታውቁም? እስቲ እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉት።