ቦታ ቅያሬ

«መጀመሪያውስ የታለ?» አለችው አሰልጣኟ፣ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቅና።

የሰላም ክበቡ አስተባባሪ እሱ ነው፤ ቪዲዮውን ቆርጦ የለቀቀውም እሱ። ስልኩ ላይ ጮሌዋ ትናገራለች። ከሰላም ክበቡ ወጣቶች ሁሉ ምላሷ ፈጣን ስለሆነ ነው ጮሌዋ የተባለችው። «ዓይኑን ያጣው በራሱ ጥፋት ነው» ትላለች፣ እንባ እየተናነቃት። «ማን ና አለው? ድንጋይ የሚወረወርበት ቦታ ምን ሊሠራ መጣ?» ከሥሯ በትልልቅ ፊደል፦ ይቅርታ ከዚህ ይጀምራል።

አምና የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወጣቶች በድንጋይ ሲወጋገሩ አንድ ዓይኑን ያጣው የገዛ ወንድሟ ነው። የተናገረችው ግን ራሷን ሆና አልነበረም። አሰልጣኟ «ቦታ ቅያሬ» የምትለው ልምምድ አለ፤ አንዱ ወጣት ተነስቶ የባላንጣው ወንበር ላይ ይቀመጥና የዚያን ሰው ብሶት እንደ ራሱ አድርጎ ይናገራል። ጮሌዋ ከመቀመጧ በፊት «አሁን እኔ ድንጋዩን የወረወረው ልጅ ነኝ» ብላ ነበር። ከቪዲዮው የጠፋችው ያቺ ንግግር ናት።

«ወንድሟ ትናንት አየው» አለች አሰልጣኟ። «ልብሷን በፌስታል አድርጎ በር ላይ አስቀመጠላት። እናታቸው መሃል ብትገባ ‹አንቺም ተከተያት› አላት። አክስቷ ቤት ነው ያደረችው። የሰፈሩ ጎረምሶች ደግሞ ግድግዳ ላይ ጽፈውባታል፤ ምን ብለው እንደሆነ አልነግርህም።»

«ሄደሽ አላስረዳሽውም?»

«ማን ሊሰማኝ? ተነሺና ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ከደጃፍ ነው የመለሰኝ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አንተ ደግሞ ከልቧ ያልወጣውን አፋፍ አደረስክላት። በል አሁን አጥፋው።»

ማጥፋት ቀላል ነበር። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ግን ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን በርቷል፤ ለጋሾቹ ሊገቡ ነው። ቪዲዮውም የተሠራው ለእነሱ ነው። የክበቡን በጀት ያድሱ አያድሱ ዛሬ ይወስናሉ፤ ካላደሱ አዳራሹ ይዘጋል። የሁለቱ ሰፈር ልጆች ሳይፈራሩ የሚገናኙበት ሌላ ጣራ ደግሞ የለም።

«ስብሰባው ይለቅና» አለ። «አሁን ከፍተው ቢያጡት ምን እላቸዋለሁ? ትንሽ ታገሺኝ፣ እታለም።»

«ዛሬ እታለም ሆንኩልህ? ሌላ ጊዜ ‹ባልደረባዬ› ነበር የምትለኝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ባሕር ማዶ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ቀጠሮ ማራዘም ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። እዚያ ባሕር ማዶ ሳለ፣ ሰላም አመጣለሁ ብሎ የገባ ሰው እንዴት ጉዳት አድርሶ እንደሚወጣ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ነበር። መምህራኑ ወደውለታል። ከተመለሰ ወዲህ ያንን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው ግራ የሚገባው ጊዜ አለ።

ስክሪኑ ላይ ፊቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሰላምታው እንዳለቀ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት» አለች። «ስለ ገዛ ወንድሟ እንዲህ ብሎ ለመናገር ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? እኔ አልችልም ነበር።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ልጅቷ ግን ደህና ናት?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር፤ እውነቱም ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ልምምድ ነው፣ መግቢያውን ቆርጬዋለሁ፣ ከቤቷ ተባራለች ማለት ብቻ ነው። አሰልጣኟን በዓይኑ ጥግ አያት። የለጋሾቹን ቋንቋ ትሰማለች፤ እሷም አፏን ከፈት አድርጋ ነበር።

«ደህና ናት» አለ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ መቆሚያው ጠፋው። «በጣም ደህና ናት። ምስጋናዋንም አድርሱልኝ ብላለች።»

አሰልጣኟ አፏን ገጥማ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች።

በጀቱ ታደሰ። ያውም ለሌሎች ሰፈሮች ጭምር ተጨምሮበት። ስክሪኑ ሲጠፋ ቪዲዮውን አጠፋው። ምንም ጊዜ አልወሰደም።

«እንኳን ደስ አለን» አለች አሰልጣኟ፣ እየተነሳች። ፊቷ ላይ ደስታ የሚባል አልነበረም። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። «እኔም እኮ ዝም አልኩ። አንተን ብቻ አይደለም የምለው።» ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ እየጠበቋት ስለነበር ወጣች።

ብቻውን ሲቀር ያ ቪዲዮውን የቆረጠበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አለው። ቪዲዮው ይረዝማል፣ መግቢያው ያሰለቻል፤ ይህን ሁሉ ለራሱ ሲነግር ከርሟል። መግቢያውን ቆርጦ መልሶ ሲያየው ግን ክንዱን ውርር እንዳደረገው፣ ውርር ያደረገውም የራሷን ልብ የምትናገር መምሰሏ እንደሆነ፣ «ይሄ ነው» እንዳለም ያውቃል። በስህተት አልቆረጠውም። ያማረበትን ነው የመረጠው።

ስልኩን አውጥቶ ለጮሌዋ መጻፍ ያዘ። «በተፈጠረው አለመግባባት» ብሎ ጀመረ፤ ሪፖርት ሪፖርት ሲሸተው አጠፋው። ሌላ ጻፈ፤ ያኛው ደግሞ ይቅርታ ይለምናል እንጂ ምን እንዳደረገ አይናገርም። እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ላከላት፦ «ቆርጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ወንድምሽ ፊት ቆሜ ልናገር፤ ልምጣ?»

ማንበቧን የሚናገረው ምልክት ወዲያው በራ።

ያን ቀን ስልኩን ከእጁ ሳያወርድ ዋለ። በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ መልስ የለም። አዲሱ በጀት ሲገባ አዳራሹ ነጭ ቀለም ተቀባ፣ አዳዲስ ወንበሮችም መጡ፤ እሷ ግን አልመለሰችለትም።